የመጨረሻዋ ተረኛ

«መጣች! በወረቀት እሳት ሻይ የምታፈላዋ መጣች!»

እሑድ ጠዋት፣ ከአጥራችን ወዲያ ካለው ቦኖ ላይ ይህን የተናገረችው ጣይባ ናት። የተነገረባት ደግሞ የወንድሜ ሚስት ረሂማ። ለውሃ የተሰለፉት ሴቶች ሳቁ፤ የአንዷማ ሳቅ ወደ ሳል ተለወጠ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደሴ ፀሐይ ብልጭ ስትል ያላሰጣ ሰው የለምና እኔም ከአጥሩ ወዲህ ነጠላዬን እያሰጣሁ ነበር። ረሂማ ምን ትመልስ ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ። ውሃዋን ቀድታ ጀሪካኗን አዝላ ገባች፣ ከጀርባዋ አወረደች፣ በሻርፗ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና «እታለም፣ እንዴት አደሩ?» አለችኝ፤ እንደ ወትሮዋ። «አልሃምዱሊላህ» አልኩ፣ ዓይኔን ከገመዱ ሳላነሳ።

ወላሂ፣ ያን ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ረሂማ አንዲት ወረቀት አላቃጠለችም። ተቃጠለ የተባለው ወረቀት እኔ ፍራሽ ስር ነው ያለው። ያስቀመጥኩትም እኔው ሁስኒያ ነኝ፤ አርባ አምስት ዓመት የሞላኝ፣ አምስት ወቅት የምሰግድ ሴትዮ።

ነገሩ የመጽሐፍ ነው። በዚያ በሰባ ዘጠኙ ክረምት መግቢያ ላይ፣ ሰኞ ገበያ አሮጌ መጽሐፍ ከሚዘረጋ ሰው አንድ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ በሁለት ብር ገዛሁ። ከሽፋኑ ጋር የፊተኞቹም ቅጠሎች ሄደዋል፤ ርዕሱንም ጸሐፊውንም የሚያውቅ የለም። የፍቅር ታሪክ ነው። ዳምጠው የሚባል መንገድ ቀያሽ ድልድዩን ጎርፍ ይወስድበትና ክረምቱን ሙሉ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ይታገታል። ያረፈበት ቤት ባለቤት ልጅ ትርሲት ትባላለች። ከዚህ በላይ አልነግራችሁም፤ ሕጋችን አይፈቅድም።

ሕጉ እንዲህ ነው። አንባቢዎቹ አራት፣ መጽሐፉ አንድ። እኔ በወንድሜ በባሽር ጨርቃ ጨርቅ መደብር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝና ምላጭ አንስቼ መጽሐፉን ከጀርባው አራት ቦታ ከፈልኩት፤ እያንዳንዱን ክፍል በጥቁር ክር ሰፋሁት። ክፍል አንድን እኔ አንብቤ ቅዳሜ ለጣይባ እሰጣለሁ፣ ጣይባ በሳምንቱ ለየኔነሽ፣ የኔነሽ ደግሞ ለከሪማ። ከሪማ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ስለምትሠራ የመጨረሻዋ ተረኛ እሷ ናት። ቅዳሜ ከዙህር ሶላት በኋላ እኔ ክፍል እንሰበሰባለን፣ ደስ ያለንን ቦታ ጮክ ብለን እናነባለን፣ እንጨቃጨቃለን፤ ግን የመጨረሻዋ ተረኛ እስካነበበችበት ድረስ ብቻ። ከዚያ አልፋ የተናገረች ለሚቀጥለው ቅዳሜ ስኳሩን ከቤቷ ታመጣለች። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በወር አንዴ በሰልፍ በሚታደልበት ዘመን ይህን ቅጣት ሰምቶ አፉን የማይዘጋ የለም።

ቀበሌ የሚያውቀን «ድኅረ መሠረተ ትምህርት የሴቶች ንባብ ቡድን» ብሎ ነው። የየኔነሽ ብልሃት ናት፤ ሆስፒታል ነርስ ረዳት ስለሆነች ከባለ ሥልጣን ጋር መነጋገር ታውቅበታለች። ስለ ዶሮ እርባታ የሚያስተምር ቀጭን መጽሐፍ ተሰጠን፤ ያችኑ ጠረጴዛው ላይ እንዘረጋለን፣ ፍቅሩን ከጭናችን ላይ እናነባለን። አንድ ቀን የቀበሌው ሰው ድንገት ከች አለና «ጓዶች፣ የት ደረሳችሁ?» አለን። ጣይባ እንባዋ ጉንጯ ላይ እያለ «አውራው ጥሏት ሊሄድ ነው» ብላው እርፍ! ሰውየው ሲወጣ የሳቅነውን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳውም። እኔ ከባቲ ባሌን ፈትቼ ከመጣሁ ጀምሮ በዚያ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ተስቆ አያውቅም።

ታዲያ ከአረፋ በፊት በነበረው ቅዳሜ ምን ሆነ? ጣይባ ክፍል አራትን ጠረጴዛ ላይ ረስታ ወጣች። ላቀብላት ተከተልኳት። ሦስቱም ደጃፍ ላይ ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር፤ እሷም፣ «ይች መጽሐፍ ባትኖር ኖሮ ይችን ዳገት ማን ይወጣት ነበር!» ስትል ሰማኋት። የኔነሽም ከሪማም ሳቁ። ክፋት አልነበረውም ይሆናል፤ የእኛ ሰፈር ዳገት እውነትም ልብ ያፈርሳል። እኔ ግን እዚያው በክፍሌ በር መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ቀረሁ። ክፍል አራት የመጨረሻው ክፍል ነው። ይህን ሰጠኋት ማለት ሦስት ቅዳሜ ቀረኝ ማለት ነው። ተመልሼ ፍራሼ ስር ከተትኩት። በሳምንቱ ሲጠይቁኝ «እንጃ፣ ብፈልገው አጣሁት» አልኩ። ቀጥዬም፣ አፌ ይቆረጥ፣ «ረሂማ ቤት ስታጸዳ ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ እሳት ውስጥ ነው የምትጨምረው» አልኩ። አቃጠለችው አላልኩም እኮ! ዋሾ ሰው የሚጽናናው እንዲህ እያለ ነው።

እነሱም አልቀሩብኝም። እንዲያውም ግምቱ ከመጽሐፉ በላይ ጣፈጠ። የኔነሽ ዳምጠው ሌላ ከተማ ሚስት አለው አለች። ጣይባ ልጅቷ ካልሞተች ታሪክ አይባልም አለች። ከሪማ ደግሞ ሁልጊዜ «ትሄዳለች፣ አብራው ትሄዳለች» ነው የምትል። እኔ መጨረሻውን አምስት ጊዜ አንብቤ፣ አውቄ፣ እንደማያውቅ ሰው «ምናልባት» እያልኩ ሻይ እቀዳለሁ። መሃላቸው ተቀምጬ ብቻዬን ነበርኩ። ቢሆንም መጡልኝ፤ አራት ቅዳሜ ሙሉ መጡልኝ።

አሁን ግን ከሪማ ልትሄድ ነው። በአረፋ ኒካህ አስሮ ያገባት ጀላል የአሰብ መስመር ሾፌር ነው፤ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ዕቃዋን ጭኖ ይወስዳታል። ትናንት ተሰናብታን ስትወጣ «መጨረሻውን ሳላውቅ ልሞት ነው» ብላ ስቃ ነበር። ያ ነገር ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ። ጠዋት ደግሞ የጣይባ የቦኖ ላይ ነገር ተጨመረ። ለረሂማ አዝኜ ነው የተነሳሁት ብል ውሸት ይሆንብኛል። ከሪማ አሰብ ሆና የምታስታውሰኝ አንድ ነገር እንዲኖር ፈልጌ ነው። ክፍል አራትን ከፍራሹ ስር አውጥቼ በጨርቅ ጠቀለልኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ውሸቴንም አብሬ አሰናዳሁ፤ ስፌት መኪናው ስር ወድቆ ተገኘ እላለሁ።

ቁርስ ላይ ባሽር ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ሬዲዮ ያዳምጣል። ባሽር ክፉ ወንድም አይደለም። ስመለስ ክፍል ሰጠኝ፣ የስፌት መኪና ገዛልኝ፣ ከዚያ ወዲህ የሚነግረኝ ስለ ክርና ስለ ዚፕ ነው። «ዛሬ የት ነሽ?» አለኝ፣ ሻርፔን አይቶ። «ኮምቦልቻ። ከሪማን ልሰናበት» አልኩ። «መንገዱ ተንዷል ይላሉ» አለና ወደ ሬዲዮው ተመለሰ። ልጃቸው ገና አልነቃም፤ ሦስታችን አንድ ማዕድ ከበን የተነጋገርነው ይኸው ነው። ልነሳ ስል ረሂማ ጓዳ ገባ ብላ ወጣችና በፌስታል ያሰረችውን ዳቦ ቆሎ እጄ ላይ አደረገች። «ለመንገዷ» አለች። «ሰላም ይበሉልኝ። አላህ መልካም ጎጆ ያድርግላት በሉልኝ።» ረሂማ ከከሪማ ጋር መቼ ተዋውቃ ነው ብዬ ገረመኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ ከማቀበል በቀር ወደ እኛ ብቅ አትልም። ፌስታሉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

አውቶቡሱ መናኸሪያ ውስጥ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ፈጀ። አጠገቤ የተቀመጡት የገራዶ ሽማግሌ ስለ በርበሬ መወደድ ሲያማርሩ ቆዩ፤ ኪሎው ስንት እንደገባ እየነገሩኝ እኔ ያሻቀብኩት ይመስል ይቆጡኛል። ቁልቁለቱ ግማሽ ላይ እውነትም ጭቃው መንገዱን ዘግቶት ጠበቀን። ወንዶቹ ወርደው አካፋ ያዙ፣ እኛ ሴቶቹ ጉሙ ውስጥ ቆመን ጠበቅን። ዳምጠውን አሰብኩት። ትርሲት እኮ መንገዱ እንዳይከፈት ሌሊት ተነስታ ዱአ የምታደርግበት ቦታ አለ፤ በሃይማኖታቸው ዱአ አይሉትም እንጂ። እኔም እዚያ ጉም ውስጥ ሆኜ ባይከፈትስ ብዬ ተመኘሁ። ባይከፈት ተመልሼ ፍራሼ ስር እከተዋለሁ፣ የምታውቅ አትኖርም። ተከፈተ። ሽማግሌው «አብሽሪ ልጄ፣ አሁን ደረስን» አሉኝ፣ የቸኮልኩ መስሏቸው።

ኮምቦልቻ ስገባ ሹራቤን አወለቅኩ፤ በአንድ ቁልቁለት ከብርድ ወደ ላብ ነው። ከሪማ የምትኖረው በወር አሥራ አምስት ብር በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ክፍት ነበር። ግድግዳው ላይ የነበረው ሁሉ ወርዶ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል፤ አልጋው ተፈትቷል፣ ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል፣ ምጣድና ድስቱ ጆንያ ውስጥ ገብቷል። እሷ ጥቅሉ ላይ ተቀምጣ የሻይ ብርጭቆ በጋዜጣ ትጠቀልላለች። «እትዬ ሁስኒያ! አፈር ስሆን፣ በዚህ መንገድ!» ብላ ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። የረሂማን ዳቦ ቆሎ ሰጠኋት። ቀጥዬ ጨርቁን ፈታሁ። «ስፌት መኪናው ስር ወድቆ ተገኘ» አልኩ።

ጮኸች። ወላሂ ጎረቤት እስኪወጣ ጮኸች። «ቁጭ ይበሉ! ሳልጨርስ አይሄዱም!» አለችኝ፤ ብርጭቆውንም ጋዜጣውንም ትታ፣ እግሯን ፍራሹ ላይ ሰብስባ ማንበብ ጀመረች። እኔ ከጆንያዎቹ መሃል ቁና ደፍቼ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ይሆናል። ሰው ያላየውን ታሪክ ሲያነብ ፊቱን አይቼ አላውቅም ነበር፤ እኛ የምንገናኘው ካነበብን በኋላ ነው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንዴ ፈገግ ትላለች፣ አንዴ «ኧረ ተው!» ትለዋለች ዳምጠውን። የት እንደደረሰች ከፊቷ አውቀዋለሁ፤ አሁን ድልድዩ ተሠራ፣ አሁን ደብዳቤው መጣ፣ አሁን እናቷ በሩ ላይ ቆመች። አንድ ጊዜ ቀና ብላ በባዶው ክፍል በኩል አየችኝ፤ እኔን ግን አላየችኝም። እንዴት እንደቀናሁባት! እኔ ይህን ስጨርስ ዙሪያዬን አይቼ ነበር፤ ማንም አልነበረም። ከዚያም ሰው እንዳላጣ ብዬ ደበቅኩት፤ በደበቅኩት መጠን ደግሞ የባሰ ሰው አጣሁ። የመጨረሻውን ቅጠል ገልብጣ ስትጨርስ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችና «አላልኳችሁም?» አለች።

ወደ መናኸሪያ ልትሸኘኝ አብራኝ ወጣች። ክፍል አራትን ራሷ በጨርቁ ጠቅልላ መልሳ ሰጠችኝ፤ «ተራው የጣይባ ነው፣ ተራ አላበላሽም» ብላ። በመንገድ ላይ ስለ አሰብ ሙቀት አወራች፣ ስለ ጀላል እናት አወራች። ከዚያ ድንገት ቀጥ ብላ ቆመች።

«እትዬ ሁስኒያ፣ ታዲያ ረሂማ ያቃጠለችው ምንድን ነው?»

«ማን አቃጠለች አለሽ?» አልኩ።

«ራሷ ናታ! ጠፋ ባሉን ቀን፣ ስንወጣ ጣይባ በር ላይ ጠየቀቻት። እሷም አልቅሳ ‹እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፣ ጥቅም ያለው አልመሰለኝም፣ አውፍ በሉኝ› አለችን። ‹በእኔ ጥፋት እታለምን እንዳትተዉብኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኑላት› ብላ እጃችንን ያዘች። ጣይባ እንኳ ተቆጥታ ልትቀር ነበር፣ ረሂማ ናት ቤቷ ድረስ ሄዳ የለመነቻት።» ቦርሳዬን አየችው፣ ከዚያ ፊቴን አየችው። ልጅ ናት፣ ግን ሞኝ አይደለችም። እኔ ቦርሳዬን ወደ ብብቴ አስጠጋሁ። እጄን ሳመችና «ለረሂማ ያንብቡላት» አለችኝ። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮቱ አየኋት፤ እያውለበለበች ነበር። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

አቀበቱን ስንወጣ አንድም ነገር አላየሁም። አራት ቅዳሜ መጡልኝ ያልኩት ውሸቴ አምጥቷቸው መስሎኝ ነበር። ያመጣቻቸው ስሟን ያጠፋሁባት ሴት ናት። ቦኖ ላይ የተሳቀባት በእኔ ውሸት ብቻ አይደለም፤ ወዳ ተሸክማው ነው። ደሴ ስደርስ ቀጥታ ወደ ቤቴ መግባት አቃተኝና የጣይባን በር አንኳኳሁ።

ጣይባ እጇ ሊጥ እንደያዘ ወጣች። «ያቃጠለች የለችም» አልኳት፣ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም። «እኔ ነኝ የደበቅኩት። ስንጨርስ እንዳትቀሩብኝ ብዬ።» ጨርቁን ፈትቼ ክፍል አራትን ዘረጋሁላት። አየችው። ፊቷ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ከሰል መሰለ። «ሱብሃነላህ!» አለች። «እኔን በዚያች ሚስኪን ላይ አፌን አስከፍተሽ! ሰው ፊት! ዛሬ ጠዋት እንኳ!» መጽሐፉን አልተቀበለችኝም። «ቅዳሜ አትጠብቂኝ» አለችና በሩን ዘጋችው። የኔነሽም እንደምትሰማና እንደማትመጣ ያን ጊዜ አወቅኩ። ደግሞ ልክ ናቸው፤ እኔም ብሆን አልመጣም ነበር።

ስገባ የመግሪብ አዛን እየተባለ ነው። ባሽር መስጊድ ሄዷል። ሰግጄ ስጨርስ ረሂማ ጓዳው ደጃፍ ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። ክፍሌን ከጓዳው የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው፤ ገለጥኩት።

«ረሂማ፣ ያቃጠልሽው ነገር የለም።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ከምስሩ ሳትነሳ። «ፍራሽዎን ፀሐይ ላይ ላወጣ ስል አገኘሁት። መልሼ እዚያው አስቀመጥኩት።»

«ታዲያ ምን አግብቶሽ ነው አቃጠልኩ የምትይ?» ተቆጣሁ። ሌላ የሚወጣኝ ስላልነበረ ተቆጣሁ።

አንዲት ጠጠር ለቅማ ጣለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ሲስቁ እሰማለሁ። በሌላው ቀን አይስቁም።»

አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ጣሪያ ስር ስንኖር ስለ እኔ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ነግራኝ አታውቅም። እኔም ስለ እሷ የማውቀው ሻይ ስታቀብል ጎንበስ ማለቷን ብቻ ነው። መጋረጃውን እንደያዝኩ አለቀስኩ። «አውፍ በይኝ» አልኳት። «አውፍ ብያለሁ፣ እታለም። ለአላህ ብያለሁ» አለች፤ ደንግጣ፣ ሰፌዱን አስቀምጣ፣ መልሳ አንስታ። ከዚያ ቀና አለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂኝ።»

«ትርሲት አብራው ሄደች?»

ከመጋረጃው ጀርባ ክረምቱን ሙሉ ስትሰማ ነበር። አምስተኛ አንባቢ ነበረችን፣ እኛ ግን አልቆጠርናትም። ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። «አልነግርሽም» አልኳት። «ሕግ አለን። የመጨረሻዋ ተረኛ ሳትደርስበት አይነገርም።»

«እኔ እኮ ማንበቡ አይሆንልኝም» አለች አፍራ። «ፊደሉን እንደጨረስኩ ልጅ መጣ፣ ተውኩት።»

አራቱንም ክፍሎች አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። «የትኛውን አልሰማሽም?»

«የመጀመሪያውን። የመጀመሪያው ቅዳሜ ልጁ አሞኝ ነበር።»

ከሪማ የምትቀመጥባትን ዱካ ወደ መብራቱ ሳብ አደረግኳት። ረሂማ ምስሯን እንደያዘች መጥታ ተቀመጠች፤ እኔም ክፍል አንድን ገለጥኩ።